ተራራ ያላት፣ ሜዳ ያጣች ከተማ

ሆንግ ኮንግ በፎቶ ብቻ ለሚያውቃት ሰው፣ ስለ ሜዳና ስለ ጫካ ሲወራ መጀመሪያ የምትታወሰው ከተማ አትሆንም። ፎቶው የሚያሳየው የተደራረበ መስኮትና ሰማይ የጋረደ ሕንፃ ነው። እውነታው ግን ሌላ ገጽታ አለው። የከተማዋ ጠቅላላ ስፋት 1,114 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ሕንፃና መንገድ ያረፈበት ሩብ ያህሉ ብቻ ነው። 40 በመቶ የሚጠጋው በሕግ የተከለለ የተፈጥሮ ስፍራ ነው። 7.5 ሚሊዮን ሕዝብ ከሚተራመስበት መኻል ተነሥቶ፣ ባቡርና ሚኒባስ ይዞ፣ አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ወፍ ብቻ የሚሰማበት ሸለቆ መድረስ ይቻላል።

በዚያችው ከተማ ደግሞ አንድ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ኳስ የሚያንከባልልበት ቦታ ብርቅ ነው። በብዙ የኪራይ ቤቶች ግቢ ግድግዳ ላይ «ኳስ መጫወት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። የመንግሥት የፕላን መመሪያ ለአንድ ነዋሪ እንዲመደብለት የሚጠይቀው የመናፈሻና የመጫወቻ ቦታ 2 ካሬ ሜትር ነው፤ አንድ ፍራሽ የሚዘረጋበት ያህል።

እነዚህ ሁለት እውነቶች አብረው መኖር የቻሉበትን ምክንያት ሳይመረምሩ «40 በመቶው አረንጓዴ ነው» እያሉ ከተማዋን ለሌላው አርአያ አድርጎ ማቅረብ የተለመደ ነው። ይህ አቀራረብ አይበቃም ባይ ነኝ። አንድ ከተማ ለነዋሪው መንፈስና ጉልበት ማደሻ ምን ያህል ሰጥቷል የሚለው በካርታ ላይ ባለው አረንጓዴ ቀለም ብቻ አይለካም። መሬቱ ከቤት ምን ያህል ይርቃል? ለመድረስስ ማን ጊዜ አለው? ሆንግ ኮንግ በተራራዋ የሠራችውን በሜዳዋ አልደገመችውም፤ ምክንያቱን ማየት ደግሞ በጥድፊያ እየተገነቡ ላሉ ከተሞች ሁሉ ይጠቅማል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተራራውን ያዳነው ውኃ ነው

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጃፓን ከተማዋን ይዛ በቆየችባቸው ዓመታት ሕዝቡ ማገዶ ሲያጣ የተራራውን ዛፍ ጨርሶት ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ኮረብቶቹ ራቁታቸውን ቀሩ። ወዲያው ከዋናው ቻይና የሚሸሽ ሕዝብ እንደ ጎርፍ ገባ። በ1953 የገና ዕለት ሌሊት ሼክ ኪፕ ሜይ በተባለ የስደተኞች ጎጆ መንደር የተነሣው እሳት ከ50,000 በላይ ሰው መጠለያ አልባ አደረገ። መንግሥት ሰፋፊ የኪራይ ቤት መንደሮችን መገንባት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው፤ የመሬት ረሃቡም አብሮ ተጀመረ።

ታዲያ በዚያ ሁሉ ረሃብ ተራራው እንዴት ሳይበላ ቀረ? አንዱ ምክንያት ዳገቱ ራሱ ነው። አፈሩ በክረምት ዝናብ ይንሸራተታል። በሰኔ 1972 በአንድ ቀን በሁለት ሰፈሮች የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ130 በላይ ሰው ገድሏል። ቁልቁለት ላይ መገንባት በገንዘብም በነፍስም እንደሚያስከፍል ከተማዋ በመራራ መንገድ ተምራለች።

ትልቁ ምክንያት ግን ውኃ ነው። ሆንግ ኮንግ ይህ ነው የሚባል ወንዝ የላትም፤ ለረጅም ዘመን የጠጣችው ከተራሮቿ የሚወርደውን ዝናብ በግድብ እያጠራቀመች ነበር። በ1963 ድርቅ ሲመታት ውኃ በአራት ቀን አንድ ጊዜ፣ ያውም ለአራት ሰዓት ብቻ ይለቀቅ ጀመር። ሰው ባልዲውን፣ ጀሪካኑን፣ የተገኘውን ዕቃ ሁሉ ይዞ በየቧንቧው ተሰለፈ። በቀጣዮቹ ዓመታት ውኃ ከዋናው ቻይና በቧንቧ ቢገባም፣ የባሕር ወሽመጥ እየተገደበ ጨው ውኃው ተመጥጦ ወጥቶ የጣፋጭ ውኃ ማጠራቀሚያ እስከ መሥራት ተደረሰ። ዛፍ የሌለው ተራራ ደለሉን ወደ ግድቡ ያወርዳል፤ ስለዚህ ዛፍ ተተከለ፣ ተፋሰሱም ተጠበቀ። የደን ሠራተኛውና የውኃ መሐንዲሱ ያንን ተራራ ሲጠብቁ፣ ስለ እሑድ ሽርሽር የሚያነሣ ባለሥልጣን ገና አልነበረም።

መዝናኛ የመጣው ከኋላ ነው። በ1965 ሊ ታልቦትና ማርታ ታልቦት የተባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ገጠሩ በመናፈሻነት እንዲከለል የሚመክር ጥናት ለመንግሥት አቀረቡ። በ1967 ከተማዋ በሁከት ተናወጠች። ከሁከቱ በኋላ አስተዳደሩ በጠባብ ክፍል ውስጥ የታመቀው ወጣት የትርፍ ጊዜውን የት ያሳልፋል ብሎ መጨነቅ ጀመረ። በ1971 ከተማዋን ያኔ ትገዛ ከነበረችው ከእንግሊዝ አገረ ገዥ ሆነው የመጡት ሙሬይ ማክለሆስ ራሳቸው የእግር ጉዞ ወዳጅ ነበሩ። በ1976 የገጠር መናፈሻዎች አዋጅ ወጣ፤ በ1977 የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ተከለሉ፦ ሺንግ ሙን፣ ካም ሻንና ላየን ሮክ። ሦስቱም የሚገኙት በውኃ ማጠራቀሚያዎች ዙሪያና አጠገብ ነው። በ1979 ቁጥራቸው 21 ደረሰ፤ በ2024 በሰሜን ድንበር ላይ የተከለለው ሮቢንስ ኔስት ሲጨመር 25 ሆነዋል።

የጉዳዩ እምብርት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ለመዝናኛ ተብሎ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያ መሬት ገንዘብ በያዘ አልሚ ፊት ብዙ ዓመት አይቆምም ነበር። የቆመው መጀመሪያ የመጠጥ ውኃ፣ ቀጥሎ የነፍስ ጉዳይ ስለነበረ ነው፤ መዝናኛው በዚያ በጠነከረ መሠረት ላይ መጥቶ ተቀመጠ። ጠፍጣፋው መሬት እንዲህ ዓይነት ጠበቃ አላገኘም።

298 ኪሎ ሜትር የእግር መንገድ

አራት ረጃጅም የእግር መንገዶች ከተማዋን ዙሪያዋን ይሸፍኗታል። በአገረ ገዥው ስም የተሰየመውና በ1979 የተከፈተው የማክለሆስ መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ነው። ዊልሰን 78፣ ላንታው 70፣ የሆንግ ኮንግ ደሴት መንገድ ደግሞ 50 ኪሎ ሜትር ይሆናሉ። ሲደመሩ 298 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፤ አራቱን አከታትለው በአንድ ትንፋሽ ለመጨረስ የሚወዳደሩ ሯጮችም አሉ። ማክለሆስ ከምሥራቁ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ፣ የከተማዋን ረጅሙን ተራራ 957 ሜትር ከፍታ ያለውን ታይ ሞ ሻንን አቋርጦ ወደ ምዕራብ ይወርዳል። በዚህ መንገድ ላይ በ1981 የእንግሊዝ ጦር የጉርካ ወታደሮች (ከኔፓል የሚመለመሉ ናቸው) የጽናት ልምምድ ጀመሩ። በ1986 ለሲቪሉ ተከፈተ። ዛሬ ኦክስፋም ለእርዳታ ማሰባሰቢያ የሚያዘጋጀው፣ አራት አራት ሰው እየሆኑ መቶውን ኪሎ ሜትር በ48 ሰዓት የሚጨርሱበት ታላቅ ዝግጅት ሆኗል።

ይህን ሁሉ ሕያው ያደረገው የሕዝብ ማጓጓዣው ነው። ብዙዎቹ የእግር መንገዶች የሚጀምሩት ከአውቶቡስ ፌርማታ ወይም ከባቡር ጣቢያ ጥቂት እርምጃ ርቀው ነው። መኪና ሳይኖረው፣ ልዩ ጫማ ሳይገዛ፣ መግቢያ ሳይከፍል አንድ ሰው ማለዳ ወጥቶ ለምሳ ቤቱ ሊገባ ይችላል። በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ መዋኛው፣ ሜዳውና የባሕር ዳርቻው በትእዛዝ ተዘግቶ የተራራው መንገድ ክፍት ቀረ። ተራራ ረግጦ የማያውቀው ሁሉ ያኔ ወጣ፤ ልማዱም ከብዙዎቹ ጋር ቀረ።

ነገር ግን ተራራ ጊዜ ይጠይቃል። ከጥቅምት እስከ መጋቢት አየሩ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ የሙቀት ወራት ሲገቡ ግን ወበቁና እርጥበቱ ጠንካራውን ሰው ይጥላል። የቀን ሠራተኛው፣ በፈረቃ የሚሠራው አስተናጋጅ፣ ሦስት ልጅ ይዛ ሁለት ሥራ የምትሠራ እናት ግማሽ ቀን ከየት ያመጣሉ? ከ300,000 በላይ የሚሆኑት የፊሊፒንስና የኢንዶኔዥያ የቤት ሠራተኞች ጉዳይ ይበልጥ ያሳያል። ደንቡ በአሠሪያቸው ቤት እንዲኖሩ ያስገድዳቸዋል፤ ሕጉ ደግሞ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ይሰጣቸዋል። እሑድ እሑድ የከተማዋ የንግድ ማዕከል በሆነው በሴንትራል ጎዳናዎችና በእግረኛ ድልድዮች ላይ ካርቶን ዘርግተው ሲበሉ፣ ሲጨፍሩ፣ ፀጉር ሲሠራሩ ይውላሉ። በተራራ ሩጫ ስም ያወጡም አሉባቸው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት የሠሩ እህቶቻችን የአንዲት የዕረፍት ቀንን ዋጋ ማንንም አይጠይቁም፤ ያለ እሷ ተራራው ደጃፍ ላይ ቢሆንም ምንም አይጠቅም።

ሜዳው የት ሄደ?

በ2021 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ኩን ቶንግ በተባለው ወረዳ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 60,000 ሰው ይኖራል። አንድን አፓርታማ በግርግዳ ቆራርጠው በሚያከራዩአቸው ክፍሎች ውስጥ ከ200,000 በላይ ሰው ይኖራል፤ የነፍስ ወከፍ ቦታው 6 ካሬ ሜትር አካባቢ ነው። ውጭው ለእነዚህ ሰዎች ሳሎናቸው ነው። ልጅ የቤት ሥራውን በደረጃ ላይ፣ አዛውንቱ ጨዋታቸውን በሰፈር መናፈሻ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው የሚያደርጉት። ሜዳ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለነሱ ሆኖ ሳለ፣ ሜዳ በጣም የጠበበው እነሱ በሚኖሩባቸው አሮጌ ሰፈሮች ነው።

ለዚህ ምክንያቱ ከመንግሥት ካዝና አይርቅም። የሆንግ ኮንግ መሬት ከሞላ ጎደል የመንግሥት ነው፤ መንግሥት ደግሞ በጨረታ በሊዝ ይሸጠዋል። ገበያው በሞቀባቸው ዓመታት ከጠቅላላው ገቢው አንድ አምስተኛ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የተገኘው ከዚህ ነው። የገቢ ግብር ዝቅ ብሎ የቆየው በዚሁ ገንዘብ ነው። ስለዚህ በከተማው መኻል ለኳስ የሚተው እያንዳንዱ ጠፍጣፋ ቦታ ከበጀት ላይ የሚጎድል ገንዘብ ሆኖ ይታያል። ዳገቱን የሚገዛ አልሚ ብዙ የለም፤ ሜዳውን የማይፈልግ ግን የለም። ይህ የአንድ ባለሥልጣን ክፋት አይደለም። የአሠራሩ ውጤት ነው፤ ለመለወጥ የሚያስቸግረውም ለዚህ ነው።

ያለው ሜዳ እንዴት እንደሚዳረስ ማየትም ያስፈልጋል። አብዛኛው የሰፈር ኳስ ሜዳ ሣር የሌለው ሲሚንቶ ነው፤ ጉልበት ይልጣል፣ ግን ዝናብም ብዙ ተጫዋችም ይችላል። ዋን ቻይ ውስጥ በሕንፃዎች መኻል የሚገኘው ሳውዞርን ሜዳ ከጥዋት እስከ ማታ ሰው አያጣም። የመንግሥት ሜዳና የባድሚንተን ክፍል ኪራይ ርካሽ ስለሆነ ፈላጊው ይበዛል። ፈላጊ በበዛበት ደግሞ አየር ባየር ነጋዴ አይጠፋም፤ ለዓመታት ደላሎች ሰዓቱን ቀድመው እየያዙ በእጥፍ ሲሸጡት ኖረዋል። በኅዳር 2023 ስማርት ፕሌይ የተባለ አዲስ የኢንተርኔት መመዝገቢያ መጣ። ተመዝጋቢው በእውነተኛ ስሙ እንዲመዘገብ ይጠይቃል፤ ተፈላጊ ሰዓቶችን በዕጣ ያከፋፍላል። ፍትሐዊነቱ ተሻሽሏል፤ የሜዳው ቁጥር ግን ያው ነው።

ነዋሪው ግን እጁን አጣምሮ አልተቀመጠም። ማለዳ ስፖርት የሚሠሩ አዛውንቶች በየሰፈሩ ጀርባ ባለው ኮረብታ ላይ የራሳቸውን ስፍራ ሲያበጁ ኖረዋል። ደረጃ ይቆፍራሉ፣ አበባ ይተክላሉ፣ የተጣለ ወንበር ተሸክመው ያወጣሉ፣ ከቱቦ መወጠሪያና መንጠልጠያ ይሠራሉ። መሬቱ የመንግሥት ስለሆነ አልፎ አልፎ ሠራተኛ መጥቶ ያፈርስባቸዋል፤ እነሱም መልሰው ይሠሩታል። እኔ ከማንኛውም ጥናት በላይ ይህን አምናለሁ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ሲሚንቶ ተሸክሞ ዳገት እየወጣ መወጠሪያ ቦታ የሚሠራው፣ ከቤቱ ደጅ የሚበቃው ስላጣ ነው።

ሜዳ ማጣት በሜዳሊያ ላይም ይታያል። የሆንግ ኮንግ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ የመጣው በ1996 አትላንታ ላይ ሲሆን፣ ያመጣችው ቼንግ ቻው በተባለች ትንሽ ደሴት ያደገችው የንፋስ ቀዛፊዋ (በሸራ በተገጠመ ሰሌዳ ባሕር ላይ የምትወዳደረው) ሊ ላይ ሻን ናት። ቀጣዩ ወርቅ 25 ዓመት ቆይቶ በቶኪዮ በሻሞላ ግጥሚያ (ፌንሲንግ) ተገኘ። በ2024 ፓሪስ ላይ ቸንግ ካ ሎንግ ድሉን ሲደግም፣ ቪቪያን ኮንግም በዚያው ስፖርት ወርቅ አገኘች። የሻሞላ መጋጠሚያ ርዝመቱ 14 ሜትር፣ ወርዱ ከ2 ሜትር የማይበልጥ ነው፤ በአንድ ፎቅ ላይ ደርዘን መጋጠሚያ ይዘረጋል። ባሕሩ ደግሞ ለሁሉም ክፍት ነው። በአንጻሩ ብስክሌተኛዋ ሳራ ሊ በ2012 ለንደን ላይ ነሐስ ስታገኝ ከተማዋ ቤት ውስጥ የሆነ የብስክሌት መወዳደሪያ አልነበራትም። ተሰጥኦ በየሰፈሩ ይወለዳል፣ ያደገው ግን ቦታ ያገኘው ነው።

የማራቶኑ ነገርም ከዚህ አይለይም። ከ1997 ጀምሮ የሚካሄደውን የሆንግ ኮንግ ማራቶን በተለይ በሴቶች ኢትዮጵያውያን አትሌቶች ደጋግመው አሸንፈውታል፤ የእኛ ሰው ከተማዋን የሚያውቃት በአብዛኛው በዚህ ነው። በቅርብ ዓመታት ከ70,000 በላይ ሰው በተለያየ ርቀት የተሳተፈበት ይህ ውድድር ገና ሳይነጋ ይጀመራል፤ ፈጣን መንገዱና በባሕር ሥር ያለው መተላለፊያ ለመኪና ቶሎ መመለስ አለባቸውና። የከተማዋ ትልቁ የስፖርት ሜዳ ለጥቂት ሰዓት የተበደሩት አስፋልት ነው።

ባሕሩ ሲመለስ

የጠፋ የመዝናኛ ቦታ ሊመለስ እንደሚችል የሚያሳይ አንድ ጥሩ ምሳሌ አለ። የቪክቶሪያ ወደብን በዋና የማቋረጥ ውድድር በ1906 ተጀምሮ ለአሥርት ዓመታት የከተማዋ ኩራት ነበር። ወደቡ በፍሳሽ ስለተበከለ ከ1978 በኋላ ተቋረጠ። ከዚያ ከምድር በታች በጥልቅ የተቆፈሩ ዋሻዎች ፍሳሹን ከወደቡ ዳርና ዳር ሰብስበው ወደ አንድ ማጣሪያ ጣቢያ እንዲወስዱ የሚያደርግ ትልቅ ሥራ ተሠራ፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ በ2001፣ ቀጣዩ በ2015 ተጠናቀቀ። የመዋኘት ውድድሩ በ2011 በወደቡ ምሥራቃዊ ጫፍ ተመለሰ፤ በ2017 ወደ ወደቡ መኻል ገባ። ለዋናተኛ ተብሎ የተቆፈረ ዋሻ አይደለም። ዳግመኛም ንጽሕናና ጤና መንገዱን ከፈቱ፣ መዝናኛው ተከትሎ ገባ።

የዛሬው ክርክር

ቤት ያጣው ሕዝብ ሲበዛ ዓይን ሁሉ ወደ ተከለለው ገጠር ዞሮ ነበር። በ2017 መንግሥት በሁለት የገጠር መናፈሻዎች ጠርዝ ላይ ቤት መሥራት ይቻል እንደሆነ እንዲጠና አደረገ። በ2018 ስለ መሬት አቅርቦት ሰፊ የሕዝብ ውይይት ተካሄደ፤ የመናፈሻው ሐሳብ ቅድሚያ ከሚሰጣቸው አማራጮች ውስጥ ሳይገባ ቀረ። በውይይቱ ላይ የገነነው ሌላ ጥያቄ ነበር። ፋንሊንግ ውስጥ 172 ሄክታር ጠፍጣፋ መሬት የያዘ የአባላት የጎልፍ ክበብ እያለ ለምን ተራራው ይነካል? መንግሥት በመስከረም 2023 ከዚያ 32 ሄክታሩን መልሶ ተረከበ። በከፊሉ ላይ የሕዝብ ቤት ይሠራ የሚለው እቅድ በአካባቢ ጥበቃ ጉዳይ ፍርድ ቤት ደርሷል፤ ዕድሜ ጠገብ ዛፎች አሉበትና ነገሩ ቀላል አይደለም። እኔ ግን በአንድ በኩል 2 ካሬ ሜትር፣ በሌላ በኩል 172 ሄክታር ተቀምጦ ማየት ያማል እላለሁ።

በመጋቢት 2025 በቀድሞው የካይ ታክ አየር ማረፊያ ላይ 28 ሄክታር የሚሸፍን የስፖርት ፓርክ ተመረቀ። 50,000 ሰው የሚይዝ ጣሪያው የሚከፈትና የሚዘጋ ስታዲየም አለው፤ ወደ 30 ቢሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር ፈጅቷል። ዓለም አቀፍ ግጥሚያና ኮንሰርት ያስተናግዳል፣ ገቢም ያመጣል። ስታዲየም ግን በዋናነት የመመልከቻ ቦታ ነው። በዙሪያው የተተዉት የሕዝብ ሜዳዎች ፓርኩ ለሚገኝበት ለኮውሎን አካባቢ ልጆች ከራሱ ከስታዲየሙ የበለጠ ዋጋ እንዳላቸው የሚከራከር ሰው እምብዛም አልሰማሁም፤ መከራከር ይገባ ነበር።

ተራራው ላይ ያለው ችግር ደግሞ የመብዛት ነው። ድንበሩ በ2023 ዳግም ከተከፈተ ወዲህ፣ በማኅበራዊ ሚዲያ የታየውን ሁሉ ለማየት በቻይና ረጃጅም በዓላት ወቅት የሚጎርፈው ሰው በምሥራቅ በኩል ያለውን የሳይ ኩንግን ባሕር ዳርቻ በድንኳን ይሞላዋል። ቀድሞ የጥቂት ሰው መዋያ በነበረው አሸዋ ላይ መጸዳጃው ይጨናነቃል፣ ቆሻሻው ይከመራል። ባለሥልጣናቱ እስከ 2017 መጨረሻ ከእግር መንገዶቹ ላይ የቆሻሻ ማጠራቀሚያዎችን አንሥተው «ቆሻሻህን ይዘህ ተመለስ» የሚል ዘመቻ አካሂደዋል፤ ለለመደው ተጓዥ ሠርቷል፣ ለአንድ ቀን ለመጣው እንግዳ ግን ማስታወቂያ ብቻ አይበቃውም። አንዳንዱን የአፈር መንገድ በሲሚንቶ መለሰኑንም ተጓዦች አጥብቀው ተቃውመዋል። ለጉልበት ይከብዳል፣ ጎርፉን ወደ ጎን ገፍቶ ዳሩን ይሸረሽራል። ከዚያ ወዲህ በድንጋይና በእንጨት የሚደረግ ጥገና፣ በጎ ፈቃደኞችን ጨምሮ፣ እየተለመደ መጥቷል።

በሰሜኑ የሚወሰነው

አሁን ሁሉም ነገር ወደ ሰሜን እያመራ ነው። በ2021 የታወጀው የሰሜን ሜትሮፖሊስ እቅድ ከቻይናዋ ጎረቤት ከተማ ከሼንዠን ድንበር ሥር 30,000 ሄክታር የሚሸፍን ሲሆን፣ ሲጠናቀቅ 2.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ይኖርበታል ተብሏል። አብዛኛው የቀረው ጠፍጣፋ መሬት ያለው እዚያ ነው፤ የዓሣ ኩሬ፣ አሮጌ እርሻና የኮንቴይነር ማከማቻ። የረጅም ጊዜ የፕላን ጥናቱም ለአንድ ሰው የሚመደበውን ክፍት ቦታ ወደ 3.5 ካሬ ሜትር ከፍ ለማድረግ ሐሳብ አቅርቧል። ከ2 ወደ 3.5 መሄድ ትልቅ ነገር ነው፣ ሊደገፍም ይገባል።

ክርክሩ ግን በዚያ 3.5 ውስጥ ምን ይቆጠራል የሚለው ላይ መሆን አለበት። በገበያ ማዕከል ጣሪያ ላይ ያለ፣ ማታ በር የሚዘጋበት የአበባ መደብ ይቆጠራል? ኳስ፣ ብስክሌትና መጋደም የተከለከለበት ንጣፍስ? ነባሩ መመሪያ በወረዳ ደረጃ ካለው ክፍት ቦታ ሦስት አምስተኛው ለእንቅስቃሴ፣ ሁለት አምስተኛው ለዕረፍት እንዲሆን ይመክራል፤ ምክር እንጂ ግዴታ አይደለም። ይህን ምጣኔ ግዴታ ማድረግ፣ ከእያንዳንዱ የመኖሪያ ሕንፃ ሕፃን ልጅ ብቻውን በእግሩ ሊደርስበት በሚችል ርቀት ላይ ሜዳ እንዲኖር በካርታው ላይ ማስፈር፣ የትምህርት ቤት ግቢዎችም ከሰዓት በኋላና ቅዳሜና እሑድ ለሰፈሩ እንዲከፈቱ ከወዲሁ በር ሠርቶ መገንባት ይቻላል። ትምህርት ቤቶች ግቢያቸውን ለስፖርት ማኅበራት እንዲከፍቱ የሚያበረታታ አሠራር አሁንም አለ፤ በአዲስ ከተማ ደግሞ ገና ከመሠረቱ ቀላል ይሆናል። ተራራው የ1976ቱን አዋጅ አግኝቷል። ሜዳው የራሱን አዋጅ ማግኘት ያለበት የሰሜኑ መሬት ለጨረታ ከመውጣቱ በፊት ነው፤ አንዴ ከተሸጠ በኋላ ለኳስ የሚሆን መሬት መልሶ መግዛት የሚችል በጀት የለምና።